ባዶ ሰሃን ጥቁር አይደለም

«ሞቷል አላልኩም! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? በሕይወት አለ ብሎ የሚመሰክር ሰው የለም ነው ያልኩት» አሉ ሊቀ ሚዛን አርአድ፣ በትራቸውን በድንጋዩ ወለል ላይ እየመቱ።

«ሞቷል ካላሉ ኩራዙን ለምን ያጠፉታል?» አለች ስኂን።

«ሕጉ ስለሚያዝ ነዋ!»

«ሞቷል ብሎ የሚመሰክርስ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እርስዎም ምስክር የለዎትም፣ እኔም የለኝም። ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቆመን እርስዎ እንዴት ረቺ ሆኑ?»

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። «ወይ ዘይት ቀጂዋ!» አለ አንዱ። ሊቀ ሚዛኑ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። የድካም ፊት ነበራቸው። በአጠገባቸው ባለው መደርደሪያ ላይ የስኂን ወንድም የናርጋ ኩራዝ፣ ስለ እሱ ምን እንደሚባል የማያውቅ መስሎ፣ ረጋ ብሎ ይነድዳል።

በአርሜላ መንግሥት ሕፃን ሲወለድ ስሙ ከሥሩ የተቀረጸበት የሸክላ ኩራዝ ይበራለታል። ኩራዙ በስም ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ዘይት ቀጂዎችም በየሳምንቱ ይሞሉታል። ሰው ሲሞት ኩራዙ በራሱ አይጠፋም። ሁለት ምስክሮች መጥተው «አፈር አልብሰነዋል» ሲሉ ዳኛው እፍ ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚነድድ ኩራዝ ስለ ባለቤቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሞተውም የቆመውም እኩል ያበራል። ባለቤቱ በሕይወት ሳለ የጠፋ ኩራዝ ግን ሰውየውን ካለበት ይዞት ይሄዳል ይባላል።

የጠፋ ሰው ጉዳይ በሚዛን ይዳኛል። በቀድሞው ዘመን ሚዛኑ ሦስት ድንጋዮች ነበሩት። «አለ» ለሚባል ነጭ፣ «የለም» ለሚባል ጥቁር፣ ለማይታወቅ ደግሞ ግራጫ። ግራጫ የተጣለለት ሰው ኩራዝ ግራጫው ድንጋይ ወዳለበት ክፍል ይገባል፤ በዚያም ክፍል ኩራዝ ሁሉ በአንዲት ጠብታ ዘይት ዓመት ይነድዳል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ዓይነ ብዙ የሚሉት ታላቅ ወፍ በጠራራ ፀሐይ የስም ቤቱን ጣሪያ ቀድዶ ገባና ግራጫውን ድንጋይ ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሕግ ወጣ። ሰባት ዓመት የጠፋ ሰው ስሙ በሚዛን ቀን ይጠራል፤ ነጭ ድንጋይ የሚያስጥል ምስክር ካልመጣ የሚዛኑ ሰሃን ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሰሃንም እንደ ጥቁር ይቆጠራል።

ናርጋ ገመድ ሠሪ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት በጉርባ ገደል ላይ የገመድ ድልድይ ሊዘረጋ ሄደ። ድልድዩ ተዘርግቷል፤ መንገደኞች ተሻግረውበት ይመጣሉ። ናርጋ ብቻ አልመጣም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ሊቀ ሚዛኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የዘይት ዛፎቻችን ከደረቁ አራተኛ ዓመታቸው ነው። በዚህ ወር የተወለዱ አሥራ አንድ ሕፃናት ኩራዛቸው ባዶ ነው። ዘይት ቀጂ ነሽ፤ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሦስት መቶ አርባ የጠፉ ሰዎችን ኩራዝ እየሞላሁ ለእነዚህ ከየት ላምጣ?»

ስኂን ትናንት የአንዷን ሕፃን ኩራዝ በጣቷ ጠርጋ ዘይት ፈልጋበት ነበር።

«ደግሞስ ግራጫው ምን ነበር? ሰው ወይ አለ ወይ የለም። በመሃል የቆመ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ድንጋይ የፈሪ ዳኛ መሸሸጊያ ነበር።»

ይህ ጥያቄ መልስ እንዳለው ይሰማታል፤ ግን የት እንዳለ አታውቅም።

«ባዶ ሰሃን ባዶ ነው፤ ጥቁር አይደለም፣ አርአድ» አለ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ።

ሰው ሁሉ ዞረ። የቀድሞው ዳኛ አባ ዘሩባ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የዳኝነት ካባቸውን ካወለቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው፣ በከተማው ዳር ቀፎ እየሠሩ ይኖራሉ።

«ደግሞ የደበስን ታሪክ ሊነግሩን ነው» አሉ ሊቀ ሚዛኑ።

«እነግራለሁ። ይህች ልጅ አልሰማችውም።» ሽማግሌው ቀስ እያሉ ወደ መሃል ገቡ። «ድንጋዩ በተሰረቀ በዓመቱ ነው። ደበስ የሚባል የጨው ነጋዴ ሰባት ዓመት ጠፍቶ ስሙ ተጠራ። ሰሃኑ ባዶ ነበር። እኔ ጥቁር ጣልኩበት፤ ኩራዙንም በዚህ አፌ እፍ አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሬሳው መጣ። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረው ነው የወደቀው። ቁስል የለበትም። ለሚስቱ የገዛውን መስተዋት በእጁ እንደያዘ ነበር። አብሮት የነበረው መንገደኛ ‹ቀትር ላይ እየሳቀ ሳለ ተደፋ› አለ። እኔም እፍ ያልኩት ቀትር ላይ ነበር።»

«አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሕግ አይሆንም» አሉ ሊቀ ሚዛኑ። «ልቡ ደክሞ ሊሆን ይችላል። አያውቁም።»

«አላውቅም» አሉ አባ ዘሩባ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላወቅኩም። ለደበስ ግን አንድ ጊዜው በቂው ነበር።»

ስኂን ወደ ሚዛኑ ቀረበች፤ እጇንም በባዶው ሰሃን ላይ አኖረች።

«የአርሜላ ሰዎች ሆይ ስሙኝ! እኔ ስኂን፣ የገመድ ሠሪው የናርጋ እህት፣ ግራጫውን ድንጋይ ከዓይነ ብዙ እጅ ላመጣ እሄዳለሁ። ባላመጣው የወንድሜን ኩራዝ በራሴ ትንፋሽ አጠፋለሁ፤ ማንንም አልወቅስም። እስከ ሚዛን ቀን ግን ማንም እንዳይነካው በዚህ ሰሃን አስምላችኋለሁ!»

«ሚዛን ቀን አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረው» አሉ ሊቀ ሚዛኑ። ቆይተው «እስከዚያ ኩራዙን እኔ ራሴ እጠብቀዋለሁ» ሲሉ ጨመሩ፤ የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሆነው ተነሡ፤ ስኂን፣ አባ ዘሩባና ቅጣው የሚባል በቅሎ ነጂ። ቅጣው ዓይነ ብዙ ወዳለበት ወደ ሐይቀ ዝምታ ግማሽ መንገድ ድረስ ጨው ጭኖ ያውቃል። አንደበቱ አያርፍም። በቅሎው ሸጋ ትባላለች፤ እንደ ስሟ ግን አይደለችም።

«ሸጋዬ ከሊቀ ሚዛኑ የምትበልጥበትን ልንገርሽ እቴ ስኂን?» አላት በሁለተኛው ቀን። «የማታውቀው ቦታ ስትደርስ ትቆማለች። ብትገርፊያት አትንቀሳቀስም። ሊቀ ሚዛኑ ግን የማያውቀው ቦታ ሲደርስ ይጋልባል።»

«አንተስ?» አለችው።

«እኔማ እሷን ተከትዬ ነው የምኖረው። የበቅሎ አማች አትበይኝ እንጂ።»

አባ ዘሩባ ሳቁ። ከብዙ ዓመት በኋላ የሳቁ ስለሆነ ሳቃቸው መጀመሪያ ላይ ሳል ይመስል ነበር።

ስድስት ቀን ደጋውን አቋረጡ። ድንጋዮች እንደ ከብት መንጋ በሚተኙበት የነፋስ ሜዳ አለፉ፤ ውሃው ወደ ላይ የሚፈስሰውን የአድባርን ምንጭ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ተሻገሩ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት እሺታ ጫካ ገቡ። የእሺታ ዛፎች ግንዳቸው ነጭ፣ ቅጠላቸው እንደ ጆሮ ነው። የሰውን ምኞት ሰምተው መልሰው ይናገሩታል። ለዚህ ነው ከዚያ ጫካ የወጣ ሰው ጥቂት የሆነው።

«ጆሯችሁን በጥጥ ድፈኑ» አሉ አባ ዘሩባ።

ደፈኑ። ስኂን ግን ጥቂት እንደሄዱ ከአንዱ ጆሮዋ ጥጡን ላላ አደረገችው። ለምን እንዳደረገችው በኋላም መናገር አልቻለችም።

«አለ» አለ አንዱ ዛፍ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ናርጋ አለ።» ሌላው ተቀበለው፤ «ከፊት ለፊትሽ ነው። ገመዱን እየጠመዘዘ ተቀምጧል።» ሰባት ዓመት ሊነግራት ያልቻለ ዓለም በአንዴ አፉን ከፈተ። እንባዋ ወረደ። የሸጋን ልጓም ከቅጣው እጅ ነጥቃ ወደ ድምፁ ሮጠች፤ ከቅጠሉ በስተጀርባ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ገመድ ሲጠመዝዝ አየች። ወይም ያየች መሰላት።

በቅሎዋ ቆመች።

ስኂን ጎተተቻት፤ አልሄደችም። ሰደበቻት፤ አልሄደችም። ልጓሙ በእጇ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሷንም አስቀራት። ቅጣው እያለከለከ ደርሶ ከፊቷ ያለውን ቅጠል በዱላው ገለጥ ሲያደርግ፣ ከእግሯ አንድ ክንድ ርቆ መሬቱ ያልቃል። ታች ጉም ብቻ ነበር።

ቅጣው የሸጋን አንገት አቅፎ ቆየና «ብያችሁ ነበር» አለ።

ስኂን ጥጡን መልሳ ደፈነች። ዛፎቹ ከኋላዋ አሁንም «አለ፣ አለ» ይሉ ነበር። እውነት ይናገሩም ይሆናል። ዛፎቹ ግን ቢኖርም ባይኖርም «አለ» ነበር የሚሏት፤ እሱ ነው ያንገበገባት።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐይቀ ዝምታ ደረሱ። ውሃው አይንቀሳቀስም። በመካከሉ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ዓይነ ብዙ ተቀምጧል። ቁመቱ እንደ ሁለት ፎቅ ሰቀላ ነው፤ በላባው ሁሉ ጫፍ ላይ ዓይን አለ፣ ዓይኑም ሁሉ ወደ አንድ ሩቅ ቦታ ይመለከታል። በእግሮቹ መካከል ግራጫው ድንጋይ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፣ በገለባ ጎጆ ውስጥ ተኝቷል።

«ስኂን፣ የናርጋ እህት» አለ። ድምፁ ከመጠኑ ጋር የማይሄድ፣ ቀጭንና የደከመ ነበር። «ነይ፣ ውሃው ጉልበትሽን አያልፍም። የግራ ጫማሽ እየላጠሽ ነውና አውልቂው።»

እንዳላት አውልቃ ገባች። ቀረብ ስትል በአንዱ ላባ ዓይን ውስጥ የስም ቤትን አየች። ሊቀ ሚዛን አርአድ በናርጋ ኩራዝ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳርፈው አንቀላፍተዋል፤ በሌላው እጃቸው ነፋሱን ከኩራዙ ይከልላሉ። በእሺታ ጫካ ስለ ተታለለች ዓይኗን ጨፍና ከፈተችው። ሊቀ ሚዛኑ እንደዚሁ ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ከቶ ተመኝታ አታውቅም።

«ይሄ እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ የማየው ሁሉ እውነት ነው። ከዋንዛ ቅጠል ላይ የሚወርደውን ጤዛ ጭምር አያለሁ። ወንድምሽንም በዚህች አያለሁ።» ወፉ የቀኝ ክንፉን አነሣ፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ላባ ፊቷን አዙራ ነበር። «ልንገርሽ? ካለ፣ የምስክርነት ላባ እሰጥሻለሁ፤ ሊቀ ሚዛንሽ አይክደውም። ከሌለም ልብሽ ያርፋል። ዋጋ አልጠይቅሽም።»

ስኂን ውሃው ውስጥ ተቀመጠች።

«ጠይቂው እንጂ!» ብሎ ጮኸ ቅጣው ከዳር። «ምን ትጠብቂያለሽ እቴ? ሰባት ዓመት የለፋሽበት አይደል?»

አባ ዘሩባ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ስኂን አፏ እንደ ልጅ አፍ እየተንቀሳቀሰ፣ በጣቶቿ ታሰላ ጀመረች።

«ከሁለቱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አንዱ ነው» አለች። አውራ ጣቷን ያዘች። «ናርጋ አለ እንበል። ላባውን ብወስድ ኩራዙ አይጠፋም። ድንጋዩን ብወስድም አይጠፋም።» ሁለተኛዋን ጣት ያዘች። «የለም እንበል። ላባም ድንጋይም አያስነሡትም። እንግዲህ የትኛውም ቢሆን፣ ለናርጋ ላባውና ድንጋዩ እኩል ናቸው።» ሦስተኛዋን ጣት ያዘች። «ልዩነታቸው ለሌሎቹ ነው። ሦስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አለ። ሁሉም እህት አላቸው፣ ወይ እናት፣ ወይ ማንም የላቸውም። ላባው የእኔ ነው። ድንጋዩ የሁሉም ነው።»

አባ ዘሩባ በዳር ቆመው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ሠላሳ ዓመት ፈርጃለሁ» አሉ ለቅጣው፣ «እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሁለቱንም መስጠት አትችልም?» አለች ስኂን ወፉን።

«አልችልም። ድንጋዩን ለምን እንደ ወሰድኩ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ወፉ ይህን ቃል ሲሰማ ላባው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «እንደገና በይው።»

«አላውቅም።»

«እኔ ብዬው አላውቅም» አለ። «ሺህ ዓመት ሙሉ ሁሉን አያለሁ። የምከድነው ዓይን የለኝም። ይህ ድንጋይ ብቻ ስመለከተው ምንም አይታየኝም። ራሴን በላዩ ሳሳርፍ እተኛለሁ። ከወሰድሽው መተኛ የለኝም።» ቀጥሎም፣ «አንድ ነገር ንገሪኝ» አለ። «ሰው መጠበቅ ምን ይመስላል? ሲጠብቁ አያለሁ። በደጅ ሲቆሙ አያለሁ። ምን እንደሆነ ግን አይታይም።»

ስኂን አሰበች። «በሬን ጠዋት ጠዋት ስከፍት፣ ከመክፈቴ በፊት አንዲት ትንፋሽ አለች» አለች። «እሷ ናት። በስም ቤት ከኩራዙ ሥር ናርጋ ጀምሮ የተወው ገመድ ተሰቅሏል። አቧራውን ስጠርግ አነሣዋለሁ፤ መልሼ ስሰቅለው ያልተጠመዘዘውን ጫፍ ወደ ውጭ አደርገዋለሁ፣ ሲመጣ ሳይቸገር እንዲይዘው። ሌላ ምን ልበልህ? ያማል። ግን ሲያምህ ሰውየው አጠገብህ ያለ ይመስልሃል።»

ዓይነ ብዙ ክንፉን አንሥቶ ያችን ትንሽ ላባ አያት።

«ይህን ስጪኝ» አለ። «ጥያቄሽን ስጪኝ። ወንድምሽን የምመለከትባትን ዓይን እከድናታለሁ፤ በእኔ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ነገር ትኖራለች፣ ራሴን እሷ ላይ አሳርፋለሁ። ድንጋዩን ውሰጂ። ነገር ግን የተከደነው በአንቺም በኩል ይከደናል። ቢኖርም ወደ አንቺ አይመጣም፤ ባይኖርም ወሬው አይደርስሽም። በቃል ቢሆን፣ በጽሑፍ ቢሆን፣ በሕልም ቢሆን። ዕድሜሽን ሙሉ አታውቂም።»

«ኩራዙስ?»

«ኩራዙ ይነድዳል።»

ስኂን ተነሣች፤ ቀሚሷ ውሃ ያንጠባጥባል። እጇን በግራጫው ድንጋይ ላይ አደረገች። ለብ ያለ ነበር፣ የተኛ ሰው ግንባር ይመስል።

«እኔ ስኂን፣ ወንድሜን ናርጋን እንደወደድኩ እምላለሁ። ካለበት ይኑር፤ ከሌለም ይረፍ። አለ ብዬ አልምልም፣ የለም ብዬም አልምልም። ኩራዙን ግን እሞላለሁ። ይህ ቃሌ ነው።»

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ አባ ዘሩባ ከዳር። «ሌላ ሰውስ? በእግሩ ሄዶ ሊፈልገው ይችላል?»

«የተዘጋው የእሷ በር ነው» አለ ወፉ። «ሌላ ሰው ሊፈልግ ይችላል። ያገኘውን ግን ይዞ ወደ እሷ አይመለስም። ያወቀ ሰው መንገዱ ወደ እሷ አይወስደውም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓይነ ብዙ ያችን ላባ ከደናት። አንገቱን አዙሮ ራሱን በክንፉ ሥር አስገባ። ሌሎቹ ዓይኖቹ አንድ በአንድ፣ ቤት ውስጥ መብራት እንደሚቀንሱ፣ ደበዘዙ። ሦስቱ መንገደኞች ሲነሡ ወፉ ተኝቶ ነበር። ቅጣው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ በቅሎዋን እንዳታናፋ አፏን ያዛት።

በመመለሻው መንገድ አንድ ቀን፣ በነፋሱ ሜዳ ላይ ጥላ ፈልገው ሲያርፉ፣ ስኂን «ናርጋ አንድ ነገር ቢያውቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ገመዱን ከመስቀያው እንዳላወረድኩት።»

«ያውቀዋል እንበል» አለ ቅጣው፣ ለማጽናናት።

«እንበል አትበለኝ» አለችው ፈገግ ብላ። «እንበል የሚሉት ዛፎቹ ናቸው።»

አባ ዘሩባ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ከተማው የደረሱት በሚዛን ቀን ጠዋት ነው። የስም ቤት በሰው ሞልቷል። ሊቀ ሚዛን አርአድ ከበርጩማቸው ተነሡ። ጢማቸው አድጓል፤ ነፋስ የከለሉበት እጃቸው ጥላሸት ነክቶታል። የናርጋ ኩራዝ ይነድዳል።

«አገኘሽው?» አሉ ከሁሉ አስቀድመው። «አለ?»

«አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ መንገድ ሄደሽ?»

«ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ።» ድንጋዩን ከአዘለችበት ነጠላ ፈትታ በሁለት እጇ ያዘችው።  «ሊቀ ሚዛን፣ ያን ዕለት ‹በመሃል የቆመ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?› ብለውኝ መልስ አጥቼ ነበር። አላየሁም። ሰው ወይ አለ ወይ የለም፤ በዚህ እርስዎ ልክ ነበሩ። ነጩና ጥቁሩ ስለ ናርጋ ይናገራሉ። ይህ ግን ስለ እኛ ነው የሚናገረው። እውቀታችን እዚህ ጋ አለቀ ይላል፤ ሌላ አይልም። ያለቀው እውቀታችን ነው፤ ሰውየው አላለቀም። በእኛ ጉድለት እሱ ለምን ይጠፋል?»

ሊቀ ሚዛኑ ድንጋዩን ተቀበሉ። ከባድ ነበርና ክንዳቸው ዝቅ አለ። ብዙ ቆመው ካዩት በኋላ በባዶው ሰሃን ላይ አኖሩት። ሚዛኑ ተወዛወዘ፤ ቀስ ብሎም ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ናርጋ፣ ገመድ ሠሪው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚቀምስ ሰው ዘግየት ብለው፣ «አይታወቅም!»

እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። ከዚያ ሥራ ሆነ። ድንጋዩ ወደ ቀድሞ ክፍሉ ተመለሰ። ሦስት መቶ አርባ ኩራዝ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ግራጫው ክፍል መግባት ነበረበት፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ ኩራዝ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንደ ትንሽ ወንዝ በአዳራሹ ፈሰሰ። ሴቶች የጠፉባቸውን ስም እያነበቡ ያለቅሳሉ፣ ይሥቃሉ። ዘይት ቀጂዎች የተረፈውን ዘይት ለአሥራ አንዱ ሕፃናት ይከፋፍላሉ። ሊቀ ሚዛኑ ራሳቸው የመጀመሪያውን ሕፃን ኩራዝ ሲያቀጣጥሉ በጣም ጎነበሱ። «አርአድ፣ ጢምህን አቃጠልከው!» አለች አንዲት አሮጊት፤ ሁሉም ሳቀ። ቅጣው ደጃፉ ላይ በርሜል ላይ ቆሞ የጫካውን ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ይተርካል። በዚህኛው በቅሎዋ መናገር ጀምራለች።

ስኂን የናርጋን ኩራዝ በራሷ እጅ ይዛ ገባች። ግራጫው ክፍል ውስጥ፣ በመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ፣ ነፋስ በማያገኘው ጥግ አኖረችው። አንዲት ጠብታ ዘይት ጨመረችለት። ነበልባሉ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ረጋ። ጎንበስ ብላ ሌላ ኩራዝ ከሚያቀብላት ሰው ተቀበለች፤ ከዚያም ሌላ። ገና ብዙ ነበር።

በባዶው መደርደሪያ አጠገብ አባ ዘሩባ ቆመው ነበር። ከመስቀያው ላይ በግማሽ የተጠመዘዘውን ገመድ አወረዱ፤ ያልተጠመዘዘው ጫፍ እንዳይፈታ በክር አሰሩት። በትከሻቸው ላይ ጠቅልለው ነጠላቸውን ደረቡበት። በሰዎቹ መካከል ይቅርታ እየጠየቁ፣ ኩራዝ የያዘ ሲመጣ እየቆሙ አሳለፉ። በር ጠባቂው አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ የእህቱ ልጅ ኩራዝ መብራቱን ያይ ነበር። ሽማግሌው በምሥራቁ በር ወጡ፤ ከጉድጓዱ ጥቂት ውሃ ጠጡ፤ ናርጋ ወደ ሄደበት ወደ ጉርባ ገደል የሚወስደውንም መንገድ ያዙ።